የእማማ ዘይነባ ምሰሶ

ወልቂጤ መጥታችሁ "ምህረት የምትባለው ሴት የት ናት?" ብትሉ የሚያውቀኝ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። "አፍራሽ ግብረ ኃይሏስ?" ካላችሁ ግን ማንኛውም ባለ ባጃጅ ግቢዬ በር ላይ ያወርዳችኋል። ስሙን ያወጡልኝ የሰፈሬ ልጆች ናቸው፤ እኔም ተቀይሜ አላውቅም። እንጀራዬ ነበራ። አሮጌ ቤት አፈርሳለሁ፤ ቆርቆሮውን፣ በርና መስኮቱን፣ ደህና ደህናውን እንጨት ለይቼ ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ግቢዬ እሸጣለሁ። በዚያ በኩል ቤት የማይሠራ ሰው ስለሌለ ገበያው አይከፋም ነበር።

አባቴ አናጢ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ይሁን እኔ አላስቀምጠው ብዬ አላውቅም፣ መጋዝና መዶሻ ያስጨበጠኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ጣራ ላይ ስወጣ መንገደኛ ቆሞ ያየኛል፤ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። አንድን ቤት ከሩቅ አይቼ በየት በኩል እንደደከመ መናገር እችላለሁ። ጉራ ነው ካላችሁ ጉራ ነው፤ ግን ላቤን አፍስሼ ያገኘሁት ጉራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አረፋ ሊደርስ ሰሞን፣ ኑረዲን የሚባል ሰው ደወለልኝ። ቡታጅራ ከተማ ጨርቅ ይነግዳል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቆሼ ከሚወስደው መንገድ ገባ ሲሉ፣ አያቱ የሠሩት የጡብ ቤት አለ። በየዓመቱ አረፋ ሲደርስ የቤተሰቡ ልጆች ከያሉበት ተጠራርተው የሚገቡት እዚያ ነው። አሁን ግን የመሐል ምሰሶውን ምስጥ በልቶት ዘሟል፤ ቤቱ ይንቋቋል፤ ከኮርኒሱ አቧራ ይረግፋል። የመንደሩ ሽማግሌዎች መጥተው አይተው፣ ምሰሶው ያለቀ ቤት ሰው አይኖርበትም ብለው ፈርደዋል። ወንድማማቾቹም መክረው በዓሉ ሳይደርስ ይፍረስ ብለዋል፤ በዓሉን በድንኳን አሳልፈው በኋላ በቦታው ፎቅ ሊያቆሙ ነው። ለድካሜ ጡቡና ቆርቆሮው የኔ ይሆናል ተባባልን። ወልቂጤ ላይ ካፌ የሚከፍት ሰው ለግንቡ አሮጌ ጡብ ፈልጊልኝ ብሎኝ ስለነበር ስልኩን እየዘጋሁ ፈገግ ብያለሁ።

ኑረዲን አንድ ነገር ሳይነግረኝ ቀረ። ቤቱ ውስጥ ሰው ነበረ።

ከሠራተኞቼ ጋር ጠዋት በአይሱዙ ደረስን። ቤቱ ከእንሰቱ ጀርባ ጎላ ብሎ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ የመንደሩ ሰፊ የሣር መስክ አለ፤ በጎኑ የበርበሬ ማሳ። ጡቡን ሳየው ዓይኔ ተሳበ። የፋብሪካ አይደለም። አንዱ ወፈር ያለ ነው፣ አንዱ ሳሳ ያለ፣ አንዳንዱ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ ያረፈ የጣት ምልክት ይታያል። የኋለኛው ማዕዘን ላይ አሸንዳው ተነቅሎ ውሃ ግድግዳውን አርሶታል። ያን በልቤ ያዝኩ።

በሩ ፊት አንዲት አጠር ያሉ አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እንደ በረኛ ነው የተቀመጡት። ቤቱን የሠራው የሽኩር የመጨረሻ ልጅ፣ የኑረዲን አክስት፣ እማማ ዘይነባ መሆናቸውን የሰማሁት ከራሳቸው ነው።

"አሰላሙ አለይኩም። የምታፈርሺው አንቺ ነሽ?"

"ወአለይኩም ሰላም። አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።"

"ቁርስ በልታችኋል?"

አልበላንም ነበር። ቤታቸውን ልናፈርስ የመጣነውን ሰዎች ቆጮና አይብ በጎመን አቅርበው አበሉን። እየበላን ሳለ የቤቱን ታሪክ አወሩልኝ። እኔ ደግሞ ከማፈርሰው ቤት ባለቤት ጋር ማውራት አልወድም፤ ሥራ ያበላሻል። ግን አፌ ሞልቶ ስለነበር ዝም ብዬ ሰማሁ።

አባታቸው ሽኩር ልጅ ሳለ እንደ አካባቢው ወንድ ሁሉ አዲስ አበባ ገባ። ሌላው ንግድ ሲጀምር እሱ ጡብ ማምረቻ ተቀጠረ። ሙያውን ይዞ አገሩ ሲመለስ ከወንዙ ዳር ሸክላ አፈር ቆፍሮ፣ ጡቡን በእጁ አውጥቶ፣ በባሕር ዛፍ ተኩሶ ቤት መሥራት ጀመረ። መንደርተኛው ሽኩር ጭቃ ያቃጥላል እያለ ይስቅበት ነበር። ቤቱ አልቆ ጣራው ሲለብስ ግን ሳቁ ቆመ። ያልተደሰቱት እናቱ ብቻ ናቸው። ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ወደ አዲሱ ቤት ሲያመጣቸው ደፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። እንደ ጎጇቸው ያለ የመሐል ምሰሶ የለም። "የቆመበት የሌለው ቤት ውስጥ አልገባም" ብለው ወደ ጎጇቸው ተመለሱ። ክረምቱን ሙሉ ቢለመኑም አልገቡም። በኋላ ሽኩር ከተራራው ትልቅ የጥድ ግንድ በሰው ትከሻ አስመጥቶ ቤቱ መሐል አቆመ። እናቱ መጡ፣ ምሰሶውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ሥሩ ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት የወጡት ሲሞቱ ነው። ሽኩርም በየአረፋው ጠዋት ጀርባውን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ቤተሰቡን ይመርቅ ነበር፤ ወጉም ለቤቱ ታላቅ ወንድ ተላለፈ።

"ምሰሶው ሲቆም ቤቱ ቤት ሆነ" አሉኝ እማማ ዘይነባ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። "አሁን ስሚኝ ልጄ። ኑረዲን ይወድቃል አለኝ። እሱ ጨርቅ ነው የሚያውቀው። ሽማግሌዎቹም ይወድቃል አሉ፤ ከበሩ ላይ አይተው ሄዱ። አንቺ ሙያሽ ነው። ግቢና እይው። ዓይኔን አይተሽ ይወድቃል ካልሽኝ ዕቃዬን ራሴ አወጣለሁ። ከሱቁ ጀርባ ክፍል አዘጋጅተውልኛል፤ እዚያ ሄጄ እሞታለሁ። ሳታዪ ግን እንዳትነግሪኝ።"

ይሄን ያህል ሥራ ሠርቼ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም አፍርሺ ነው የሚለኝ። እሺ አልኳቸው፤ በልቤ ግን ይወድቃል ለማለት ነበር የገባሁት። ገና ከበሩ ሳየው ምሰሶው በእርግጥ ያስፈራል። እግሩ ተበልቶ ዱቄት ሆኗል፤ መሐሉ ብቻ ጠንካራ ነው፤ ወደ በሩ አዘንብሏል። ያለፈበትን ኮርኒስ ይዞ ስለሚጎትት በዙሪያው ተቀዷል። ኮርኒሱን ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የሠሩት የእማማ ዘይነባ እናት ናቸው። "እሱን ከቀደድሽ ምኑ ቀረ" ብለው ስለለመኑኝ ከጓዳው በላይ ባለችው ጠባብ መውጫ በመሰላል ወጣሁ።

ቤት የሚፈርሰው ከላይ ወደ ታች ነውና መውጣቴ አይቀርም ነበር። የስልኬን መብራት አብርቼ በሆዴ እየተሳብኩ ወደ መሐል ሄድኩ። የምሰሶውን ጫፍ አገኘሁት። ከኮርኒሱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። ከላዩ ምንም የለም።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። እግሩ ሲበላ ሰምጧል፣ ጣራው ተንጠልጥሎ ቀርቷል ማለት ነው ብዬ ባለሁበት ደረቅሁ። እንዲህ ያለ ጣራ ሥር ሰው አይሳብም። ከዚያ መብራቱን ወደ ላይ መለስኩና ጣራውን ደህና አድርጌ አየሁት። የጣራው አግዳሚዎች ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጉ የጥድ እንጨቶች ናቸው። አንዱ አግዳሚ ከምሰሶው በዚህ በኩል፣ ሌላው በዚያ በኩል ያልፋል። ምሰሶው የቆመው በሁለቱ መሐል፣ ባዶው ቦታ ላይ ነው። ቢረዝም እንኳ የሚነካው ቆርቆሮውን ነው። ጫፉም የተሰበረ ወይም የተላቀቀ አይደለም፤ ክብ ተደርጎ ተጠርቦ ተስተካክሏል። በሚስማር ተመትቶ አያውቅም።

እዚያው ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ይሄ ምሰሶ ከቆመበት ቀን ጀምሮ አንድ ቆርቆሮ እንኳ ተሸክሞ አያውቅም። ቤቱን የተሸከመው ጡቡ ነው። ሽኩር ይህን ያውቅ ነበር፤ ሆን ብሎ ነው ያደረገው።

ወርጄ ለማንም ሳልናገር ቱምቢዬን አውጥቼ ግድግዳውን በየማዕዘኑ ለካሁ። ቀጥ ያለ ነው። የራሰው ማዕዘን ላይ ጥቂት ጡቦች ይቀየራሉ፣ አሸንዳው ይመለሳል፣ በቃ። እማማ ዘይነባን ዓይናቸውን አይቼ "አይወድቅም" አልኳቸው። ምሰሶው ጣራውን እንደማይነካ ነገርኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም፤ ግን በርጩማቸውን ከበሩ አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡ።

ያላመነኝ ኑረዲን ነው። ከሰዓት ሐጂ ከድርን ይዞ መጣ። ሐጂ ከድር ያን ፍርድ የሰጡት ሽማግሌ ናቸው፤ ጸጥ ያሉ፣ ከመናገራቸው በፊት ጢማቸውን የሚነኩ ሰው። ኑረዲን ያየሁትን ሁሉ ከሰማ በኋላ አክስቴ በቆጮ ገዝታሻለች አለኝ። የስልኬን ፎቶ አሳየሁት፤ ጨለማና እንጨት ብቻ ነው የሚታየኝ አለ። ወጥተህ እይ ስለው ሊወድቅ ከደረሰ ጣራ ሥር አልገባም አለ። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩበትም። ልጆቹና የወንድሞቹ ልጆች በበዓሉ ቀን እዚያ ቤት ውስጥ ነው የሚታጨቁት፤ ቢወድቅ የሚጠየቀው እሱ ነው።

"እህቴ፣ እኔ የጠራሁሽ እንድታፈርሺ ነው" አለኝ። "ካልሆነ ነገ ሌላ ሰው አመጣለሁ።"

"ልጄ" አሉ ሐጂ ከድር፣ "እኛ ቤት የምናውቀው በምሰሶው ነው። ምሰሶው ካለቀ ቤቱ አልቋል። አንቺ አይደለም የምትዪው ምናልባት ልክ ነው። ግን በምን እንመን?"

ጥያቄው ተገቢ ነበር። እኔ ደግሞ በባህሪዬ ሥራዬን የሚጠራጠር ሰው ፊት ዝም ማለት አልችልም። አማራጩንም አውቀዋለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ይመጣል፣ ያ ሰው ኮርኒስ ላይ አይወጣም፣ እማማ ዘይነባ ከሱቅ ጀርባ ይገባሉ።

"እኔ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ምሰሶውን እቆርጠዋለሁ" አልኩ። "ቤቱ ከወደቀ በላዬ ይውደቅ። ካልወደቀ ቤቱን አትነኩትም።"

ሠራተኛዬ ታደለ በዓይኑ ለመነኝ። ሐጂ ከድር ጢማቸውን ነኩ። ኑረዲን እብደት ነው ብሎ ሊሄድ ነበር፤ ሐጂ ከድር ግን ክንዱን ይዘው፣ ትቁረጠው ብለው አስቀሩት።

ምሰሶው ሲወድቅ ወደ በሩ እንዲያዘነብል ገመድ አስሬ ጫፉን ውጭ ለቆመው ለታደለ ሰጠሁት። ሁሉም፣ ለማየት የተሰበሰቡት ጎረቤቶችም፣ ወደ ሣሩ ወጡ። ድጋፍ አላቆምኩም፤ ድጋፍ ካቆምኩ ቤቱን የያዘው ድጋፉ ነው ይሉኛል። መጋዜን ይዤ ስገባ እማማ ዘይነባ ጥግ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

"ውጡ እንጂ እማማ።"

"ቤቴ ነው" አሉኝ። "አንቺ እንግዳዬ ነሽ። እንግዳ ትቼ አልወጣም።"

ተከራክሬ አላሸነፍኳቸውም። እሳቸው ቢስሚላህ አሉ፤ እኔም በራሴ መንገድ ጸለይኩ። ከዚያ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ መጋዙን አሳረፍኩት።

የውጭው እንጨት ቶሎ ሄደ። መሐሉ ላይ ስደርስ መጋዙ ተነከሰ። ብገፋውም ብስበውም አልንቀሳቀስ አለ። አናጢ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ይገባዋል፤ መጋዝ የሚነከሰው ከላይ ሸክም ሲኖር ነው። ተሳስቼ ይሆን? ሌላ ያላየሁት አግዳሚ ይኖር ይሆን? ወደ ላይ ቀና አልኩ። ከኮርኒሱ ትንሽ አቧራ ፊቴ ላይ ወረደ። ሊወድቅብኝ የሚችለው ሁሉ ተራ በተራ ታየኝ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፤ ጥግ ላይ ያሉትን አሮጊት አውጥቼ ልሮጥ አሰብኩ።

"ምን ሆነ?" አሉኝ።

"መጋዙ ተያዘ።"

"ታዲያ ሌላ በኩል ሞክሪያ" አሉ፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ቢላ የደነዘብኝ ይመስል።

ይህን ሲሉኝ ጭንቅላቴ ተመለሰ። የምቆርጠው ምሰሶው ባዘነበለበት በኩል ነበር። የሚጫነኝ የራሱ የግንዱ ክብደት ነው፤ ጣራው አይደለም። አባቴ በሕይወት ቢኖር ለዚህ ስህተት በጥፊ ይለኝ ነበር። መጋዙን በመዶሻ እየነካካሁ አውጥቼ ዞርኩና በጀርባው በኩል ጀመርኩ። ሄደ። ለታደለ ሳብ አልኩት።

ምሰሶው ጮኾ ከኮርኒሱ ተንሸራቶ ወጣና በበሩ አቅጣጫ ወደቀ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ቤቱ በአቧራ ተሞላ፣ ውጭ ሴቶች ጮኹ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጣራው እንዳለ ነው። ግድግዳው እንዳለ ነው። እማማ ዘይነባ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው ምሰሶው በወጣበት ቀዳዳ ወደ ላይ ያያሉ።

የመጀመሪያው የገባ ሰው ኑረዲን ነው። ሊወድቅ ነው ያለው ቤት ውስጥ ሮጦ ገብቶ አክስቱን አቀፈ። እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

"አባቴ ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር እማማ። ጫፉን አሳምሮ ጠርቦታል።"

"ዕድሜውን ሙሉ ተደግፎት ሲመርቀን ያውቅ ነበር" አሉና መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ምን አስለቀሰሽ ብትሉኝ ያኔ አልነግራችሁም ነበር። "ለእናቱ ብሎ ነው" አሉ። "እንድትገባለት። ጣራ ባይሸከምም እሷን አስገብቷታል።" ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ተጋደመው ግንድ አመለከቱ። "በይ አሁን መልሺው።"

ሐጂ ከድር አጠገቤ ቆመው ቀዳዳውን ብዙ ጊዜ አዩት። ቤታቸው ለሌላ ሥራ ያስቀመጡት የደረቀ የጥድ ግንድ እንዳለ ነገሩኝና ሰው ላኩ። በማግስቱ ስናቆመው ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። አሁንስ ትንሽ ረዘም ብሎ ጣራውን ይንካ፣ ለወጉ እንኳ። እንቢ አልኳቸው። ቆርቆሮውን ይገፋል፣ ክረምት ሲመጣ ያፈሳል። ከዚህም ሌላ ሽኩር የሠራውን የማርም እኔ ማን ነኝ። በድሮው ልክ ቆረጥኩት። የራሰውን ማዕዘን ጡብ ቀየርን፣ አሸንዳውን መለስን፣ የግንዱን እግር ምስጥ እንዳያገኘው ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ፎቁን ወንድማማቾቹ በኋላ መንገዱ ዳር ሠሩት፤ ደህና ፎቅ ነው፣ አልከፋም።

የካፌው ሰውዬ ጡቡን ስላላመጣሁለት እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። እኔ ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሥራዬ ተለወጠ። ግቢዬ አሁንም አሮጌ በርና መስኮት አለ፤ ግን አብዛኛው ወደ አሮጌ ቤት ይመለሳል። ቡታጅራ፣ ቡኢ፣ እኛው ወልቂጤ፣ ጠግኚልኝ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ለማፍረስ የሚጠራኝ ሰው ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ከኮርኒስ በላይ እወጣለሁ። የሚፈርስ ከሆነ ይፈርሳል ብዬ እናገራለሁ፤ አሮጌ ሁሉ ይቆይ የምል ሰው አይደለሁም። እናንተም የአባታችሁን ቤት ልታፈርሱ ያሰባችሁ ካላችሁ የምለምናችሁ ይህንኑ ብቻ ነው። ምን እንደተሸከመው ሳታዩ አትፍረዱበት። ሰው የሠራውን ነገር ለምን እንደሠራው ከታች ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ እኔ ይህን ያወቅሁት አቧራ ውስጥ በሆዴ ተስቤ ነው። ስሜ ግን አልተለወጠም፤ ባለ ባጃጆቹ አሁንም አፍራሽ ግብረ ኃይል ነው የሚሉኝ።

የዚያን ዓመት አረፋ እማማ ዘይነባ አልለቅሽም ብለውኝ እዚያው ነበርኩ። ጠዋት ወንዶቹ ከሶላት ተመልሰው ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የቤቱ ታላቅ ወንድ አሁን ኑረዲን ነውና መመረቁ የእሱ ነበር። አዲሱ ምሰሶ ጋ ሲደርስ ቆም አለና ወደ ላይ አየ፤ ምን እንደሚያስብ ገባኝ። ጀርባውን ለማስጠጋት አመነታ። አክስቱ ከተቀመጡበት ሆነው "ተደገፍ" አሉት።

ተደገፈ፤ መረቀን።